ፊልጶስ ሳይጋበዝ አልወጣም



ዛሬ የማወጋችሁ ነገር ትንሽ ያሳፍረኛል። ብዙ ጊዜ ልጽፈው ብዬ ብዕሬን አንስቼ (ያው ኪቦርዴን ማለቴ ነው) መልሼ ትቼዋለሁ። አሁን ግን ጨክኛለሁ።

ነገሩ የሆነው በ2004 ዓ.ም. ነው። የዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን፤ ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛው ልጅ ደግሞ የልብ ጓደኛዬ ነበር። ካፌ የምንሄደው አብረን፣ ላይብረሪ የምንሄደው አብረን፣ ብር እንኳን የሚያልቅብን አብረን ነው። ያኔ እኔ እሳት ነበርኩ። እሳት ስላችሁ ግን የሚያሞቀውን ሳይሆን የሚለበልበውን ነው። በግቢው ኅብረት ውስጥ የወንጌል ስርጭት ክፍል አባል ነኝ፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ሪፖርት አለብን። ስንት ሰው አናገርክ? ስንት ትራክት ሰጠህ? ስንት ሰው ወሰነ? ለሪፖርቱ የተሰመረ ደብተር ነበረኝ። ጓደኛዬ በዚያ ደብተር ላይ ለሦስት ወር ያህል «በሂደት ላይ» ተብሎ ተመዝግቧል። እሱ ይህን አያውቅም። ከላዬ ተኝቶ ያንኮራፋል፣ እኔ ከታች ሆኜ እሞላዋለሁ።

በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የአባቱ መርዶ መጣ። ከዶርም አራት ሆነን ይዘነው ወደ አገሩ ሄድን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን፣ ንፍሮ ቆርጥመን፣ ከእናቱ ጋር አልቅሰን ሦስት ቀን ቆየን። በሦስተኛው ቀን ማታ ከድንኳኑ ጀርባ ድንጋይ ላይ ብቻችንን ተቀመጥን። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንዲህ አለኝ፦

«አባቴ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም ነበር። ታውቃለህ አይደል? አሁን የት ነው የምትለው?»

እኔም መለስኩ። አንድ ደቂቃ እንኳን አልፈጀብኝም። ጥቅስ መች ይጠፋኛል! ምን እንዳልኩት እዚህ አልጽፈውም፤ ትገምቱታላችሁ። ምንም አልመለሰልኝም። ተነሣና ሱሪውን አራግፎ ወደ ድንኳኑ ገባ። ከሐዘን ሲመለስ ከዶርማችን ወጥቶ ሌላ ብሎክ ገባ። እስክንመረቅ ድረስ መንገድ ላይ ስንገናኝ በጭንቅላት ብቻ ነበር ሰላም የምንባባለው።

የዚያን ሳምንት ሪፖርት ላይ ምን ብዬ እንደሞላሁ ልንገራችሁ? «አልተቀበለም።»

…

ከተመረቅን በኋላ ሥራ፣ ኪራይ ቤት፣ ትራፊክ… እናንተም የምታውቁት ነው። ያቺ ማታ ግን አልለቀቀችኝም። ምን ነበር ያጠፋሁት? መናገሬ ነው? ወይስ የተናገርኩት? ወይስ ቦታው? መልሱን ለማግኘት ያቀናሁት ድሮ እንደ ውጊያ መመሪያ ወደማነበው መጽሐፍ ነው፤ ወደ ሐዋርያት ሥራ። በኅብረታችን ሃያ ስምንቱን ምዕራፍ ስናነብ ዓይናችን የሚሮጠው ቁጥር ወዳለበት ነበር። በአንድ ቀን ሦስት ሺህ! ቀጥሎ አምስት ሺህ! ለሪፖርት የሚመች ነዋ። ምዕራፍ ስምንት ላይ ያለውን የጋዛን መንገድ ግን በሩጫ ነበር የምናልፈው። ምን ያደርጋል፣ አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው።

እስቲ ቀስ ብለን እንየው።

በመጀመሪያ፣ ይህ ፊልጶስ ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የነበረው ፊልጶስ አይደለም። በኢየሩሳሌም በዕለታዊው የምግብ እደላ ላይ ግሪክኛ ተናጋሪ የሆኑት መበለቶች ችላ ተባልን ብለው ቅሬታ ሲነሣ፣ ያንን እንዲያስተካክሉ ከተመረጡት ሰባት ሰዎች አንዱ ነው። ማለትም ሥራው ማዕድ ነበር። እስጢፋኖስ ከተገደለ በኋላ ስደት መጣ፣ ምእመናኑ ተበተኑ፣ ፊልጶስም ሰማርያ ደረሰ። እዚያ ሥራው ሰመረለት፤ ከተማው በሙሉ በደስታ ተሞላ። እንግዲህ ልክ በዚህ ጊዜ ነው ከኢየሩሳሌም ወደ ጋዛ ወደሚወስደው የምድረ በዳ መንገድ ሂድ የተባለው። በእኛ ደብተር ቢሆን ይህ ኪሳራ ነው። ከተማ ትቶ ወደ ምድረ በዳ!

መንገዱ ላይ ሠረገላ አለ፤ ሠረገላው ላይ የሕንደኬ ጃንደረባ አለ። የገንዘብ ቤቷ ሁሉ ሹም ነው፤ በዛሬ አነጋገር የገንዘብ ሚኒስትር በሉት። (በነገራችን ላይ «ሕንደኬ» የሰው ስም ሳይሆን የኩሽ ንግሥታት መጠሪያ ነው፤ መናገሻቸውም ሜሮዌ፣ ዛሬ ሱዳን የምንለው አገር ውስጥ ነበረች። ግሪኮች ከግብጽ በስተ ደቡብ ያለውን ሁሉ ኢትዮጵያ ነበር የሚሉት። ቤተ ክርስቲያናችን ሰውየውን የኛ ብላ ስትቆጥረው ኖራለች፤ እኔም በዚህ ሙግት አልገጥምም። ለእኔ ዛሬ የሚጠቅመኝ ሠረገላው ነው።)

ፊልጶስ ሮጦ ተጠጋ። መጀመሪያ ያደረገው ምንድን ነው? መስማት! በዚያ ዘመን ሰው ሲያነብ ድምፁን አውጥቶ ማንበብ የተለመደ ነበርና ሰውየው ኢሳይያስን ሲያነብ ሰማው። ቀጥሎስ? ጠየቀ። የምታነበውን ትረዳዋለህ ወይ የሚል አንድ ጥያቄ። ጃንደረባው የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት አድርጌ አለና ውጣና ከእኔ ጋር ተቀመጥ ብሎ ጋበዘው። ልብ አድርጉ፤ ፊልጶስ ዘሎ አልተሳፈረም። ተለምኖ ነው የወጣው። ከዚያም በኋላ ርዕሱን የመረጠው ጃንደረባው ነው፤ ነቢዩ ይህን የሚናገረው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው ብሎ የጠየቀው እሱ ነው። ፊልጶስ የጀመረው ከዚያው ከሚነበበው ቦታ ነው። «እሱን ተወውና እኔ ያዘጋጀሁት አራት ነጥብ አለ» አላለውም። ውኃ ጋ ሲደርሱም «ውኃው ይኸውና፣ ለመጠመቅ ምን ይከለክለኛል?» የሚለውን ሐሳብ ያነሣው እሱው ጃንደረባው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ይህን ሳስተውል ልቤ ነው የተነካው። ሰውየው ሊሰግድ ኢየሩሳሌም ደርሶ እየተመለሰ ነበር። በኦሪት ዘዳግም ሕግ ግን ጃንደረባ ወደ እግዚአብሔር ጉባኤ አይገባም። ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ ከበሩ ውጭ የሚቆም ሰው ነው ማለት ነው። የሚያነበው ኢሳይያስ ሃምሳ ሦስትን ነበር፤ ሦስት ምዕራፍ ብቻ ዝቅ ብሎ፣ ሃምሳ ስድስት ላይ፣ ለጃንደረቦች በቤቴ ውስጥ ቦታ አላችሁ የሚል ተስፋ ተጽፏል። እዚያ ደርሶ ያንብበው አያንብበው መጽሐፉ አይነግረንም። ግን «ምን ይከለክለኛል?» የሚለው ጥያቄ ከእንደዚህ ዓይነት ሰው አፍ ሲወጣ ተራ ጥያቄ አይደለም። ሲከለከል የኖረ ሰው ነው የጠየቀው። ፊልጶስ እዚያ ላይ ጥቅስ ሊመዝ ይችል ነበር። ዘዳግም አለለት! አልመዘዘም፤ አብሮት ወደ ውኃው ወረደ።

እኔ ከድንኳኑ ጀርባ የተጠየቅኩትም ጥያቄ ተራ አልነበረም።

ይኼ የሠረገላ ነገር ወደ ቤታችንም ይመጣል። ክርስትና በአራተኛው ክፍለ ዘመን ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት የገባው እንዴት ነው? ሩፊኖስ የተባለው ጥንታዊ ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ከጢሮስ የመጡ ሁለት ወንድማማች ልጆች መርከባቸው ቀይ ባሕር ዳር ላይ ተጠቅቶ እነሱ ብቻ ይተርፉና ለንጉሡ ይሰጣሉ። ፍሬምናጦስ የንጉሡ ገንዘብና መዝገብ ያዥ ይሆናል። (እንደገና ገንዘብ ያዥ!) ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ አብረዋት እንዲቆዩ ትለምናቸዋለች። በዚያን ጊዜ ፍሬምናጦስ ለንግድ የመጡ ሮማውያን ክርስቲያኖችን ፈልጎ የሚጸልዩበት ቦታ እንዲያበጁ ይረዳቸው ነበር። ልጁ አድጎ እነሱ ነጻ ሲወጡ ወንድሙ ወደ ጢሮስ ተመለሰ፤ ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ ለዚያ አገር ጳጳስ ላኩ ብሎ አመለከተ። አትናቴዎስም ከአንተ የተሻለ ማን አለ ብሎ እሱኑ ሾሞ መለሰው። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እሱን ነው። በዒዛና ሳንቲሞች ላይ በፊት ጨረቃና ክብ ነበር፤ በኋላ መስቀል ሆነ። ስንት ዓመት መዝገብ ሲይዝ፣ ልጅ ሲያሳድግ፣ ሲታመን ኖሮ ነው ያ መስቀል ሳንቲም ላይ የወጣው? እኔ ደብተሬን የምሞላው በየቅዳሜው ነበር።

ስለ ቁጥር ከተነሣ፣ ሮድኒ ስታርክ የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ አንድ ስሌት አለው። እ.ኤ.አ. በ40 ላይ አንድ ሺህ ክርስቲያኖች ነበሩ ብለን ብንነሣ፣ በአራተኛው ክፍለ ዘመን ወደ ተደረሰበት ሚሊዮኖች ለመድረስ ዕድገቱ በየአሥር ዓመቱ 40 ከመቶ ቢሆን ይበቃል ይላል። ግምት ነው፤ ግን ሒሳቡን ወደ ታች አውርዱትና እዩት። አሥር ሰዎች፣ በአሥር ዓመት፣ አራት ሰው! በዚህ ፍጥነት እኮ በእኛ ክፍል ግምገማ ይካሄድብን ነበር። ስታርክ እንደሚለው እምነቱ በዋናነት የተላለፈው በዘመድ፣ በጎረቤትና በወዳጅ ሰንሰለት ነው። ጠላቶቻቸውም ይህንኑ ነው የሚመሰክሩት። በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ኬልሶስ ክርስቲያኖችን ሲያጣጥል፣ ሱፍ ሠሪዎች፣ ጫማ ሰፊዎችና ልብስ አጣቢዎች በየሰው ቤት እየገቡ ሴቶችንና ልጆችን ያታልላሉ ብሎ ነበር። ለስድብ የተናገረው ነው፤ ግን ነገሩ የት ይካሄድ እንደነበር ያሳየናል። ቤት ውስጥ፣ ሥራ ላይ፣ እጅ እየሠራ።

ሐዘን ላይስ ምን ያደርጉ ነበር? በሦስተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስክንድርያን ወረርሽኝ ሲመታት የከተማዋ ጳጳስ ዲዮናስዮስ የጻፈው ደብዳቤ ተርፎ ደርሶናል። ክርስቲያኖቹ የታመመ እያስታመሙ፣ የሞተ እያጠቡና እየገነዙ ብዙዎቹ ራሳቸው እንደ ሞቱ ይነግረናል። እኔ ደግሞ ንፍሮ እየቆረጠምኩ ጥቅስ መልቀቅ!

አሁን አንዳንዶቻችሁ «ስለዚህ ዝም እንበል ነው የምትለው?» ትሉኝ ይሆናል። በፍጹም! «እምነት የግል ጉዳይ ነው» የሚለው የዘመኑ ፋሽን እኔን አይመቸኝም። ጴጥሮስና ዮሐንስ በሸንጎ ፊት ዝም በሉ ሲባሉ አንችልም ብለዋል። እስጢፋኖስ በመናገሩ ነው የተወገረው። አንጾኪያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለግሪኮች የነገሩት ከቆጵሮስና ከቀሬና የመጡ ስማቸው እንኳን ያልተጻፈ ሰዎች ናቸው፤ እነሱ አፋቸውን ዘግተው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ጳውሎስም አቴና ላይ ጣዖቱን አይቶ ውስጡ ተቃጥሏል፤ ግን ሲናገር ስድብ አልወጣውም። ከተማዋን ዞሮ አይቶ፣ ላልታወቀ አምላክ ተብሎ የተጻፈበት መሠዊያ አግኝቶ፣ የገዛ ባለቅኔዎቻቸውን ቃል ጠቅሶ ነው የጀመረው። ውጤቱ? ገሚሱ አፌዘበት፣ ገሚሱ ሌላ ጊዜ እንሰማሃለን አለ፣ ጥቂቶች አመኑ፤ ከእነሱ ውስጥ በስም የምናውቀው ሁለቱን ብቻ ነው፤ ዲዮናስዮስና ደማሪስ። ጳውሎስም ተነሥቶ ወደ ቆሮንቶስ ሄደና ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን መስፋት ጀመረ።

ባልና ሚስቱን ካነሣን አይቀር፣ ለዛሬ የቲክቶክ ተከራካሪዎቻችን እነሱን ብጋብዝ ደስ ይለኛል። አጵሎስ የሚባል አንደበተ ርቱዕ ሰው ኤፌሶን መጥቶ በምኩራብ ሲናገር ሰሙት። ጎበዝ ነው፣ ግን የጎደለው ነገር አለ። ምን አደረጉ? ወደ ራሳቸው ወስደው ነገሩን በደንብ አስረዱት። ወሰዱት! በሰው ፊት አላዋረዱትም፣ ላይቭ አልገቡም፣ «አጵሎስ ሲጋለጥ» ብለው ርዕስ አልሰጡም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ መሠረት እኮ በአገራችን ከመቶ ሰው ወደ 44ቱ ኦርቶዶክስ፣ 34ቱ ሙስሊም፣ 19ኙ ፕሮቴስታንት ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ባዶ ዕቃ አይደለም ማለት ነው፤ እናቱ እያለቀሰች የጸለየችለት፣ የራሱ ጾም፣ የራሱ ጥያቄ ያለው ሰው ነው።

ከሁሉም በላይ ግን እኔን ያስቀናኝ ቶማስ ነው፤ ወይም ከቶማስ ይልቅ ጓደኞቹ። ጌታን አየነው ብለው ነገሩት፤ እሱ ደግሞ ካልዳሰስኩ አላምንም አለ። ከስምንት ቀን በኋላ የት ነበር? እዚያው ቤት ውስጥ፣ አብሯቸው! አላባረሩትም፤ እሱም እንዲሸሽ የሚያደርግ ነገር አላሉትም። ያን ስምንት ቀን ምን እየተባባሉ እንዳሳለፉት አልተጻፈም። አብረው ሳይበሉ፣ አብረው ሳይተኙ ግን አልቀሩም። የእኔ ቶማስ ግን ከስምንት ቀን በኋላ ሌላ ብሎክ ነበር።

…

አሁን ወደ 2016 ዓ.ም. ጥቅምት ልውሰዳችሁ። ከዚያች ማታ አሥራ አንድ ዓመት ተኩል በኋላ ማለት ነው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መገናኛ ቆሜ የቤት ታክሲ አጥቼ በስልኬ መኪና ጠራሁ። የሾፌሩ ስም መጣ። ሞክሼ ነው ብዬ አለፍኩት። ነጭ ቪትዝ መጣች፣ የኋላውን በር ከፈትኩ። ሾፌሩ በመስታወት አየኝ። እኔም አየሁት።

ለትንሽ ጊዜ ሁለታችንም ምንም አላልንም። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የፊተኛውን በር ከውስጥ ከፈተልኝና «ና ከፊት ተቀመጥ» አለኝ።

ስለ ሥራ አወራን። ቀን ቢሮ ይሠራል፣ ማታ መኪናዋን ይዞ ይወጣል። አግብቷል፣ ሴት ልጅ አለችው። ትራፊኩ አልንቀሳቀስም ብሎ ቆሟል፤ እኔ ደግሞ ውስጤ እንደ ጎማ እየተነፈሰ ነው። ሲ.ኤም.ሲ. መንገድ ላይ ስንደርስ እሱው ጀመረው።

«ያኔ የነገርከኝን ለእናቴ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬ።»

አሥራ አንድ ዓመት ተኩል ሙሉ ስዘጋጅበት የኖርኩት ንግግር ነበረኝ። «ይቅርታ አድርግልኝ» ብቻ ነው የወጣኝ።

ማርሽ ቀየረ፤ ትንሽ ሄደን እንደገና ቆምን። «አሁንስ?» አለኝ። «አሁን ብጠይቅህ ምን ትለኛለህ?»

«አላውቅም» አልኩት። «እሱን የሚያውቀው እግዚአብሔር ብቻ ነው። አባትህ ግን ምን ዓይነት ሰው ነበር? ያኔ አልጠየቅኩህም።»

ዞር ብሎ አየኝ። ከዚያ ማውራት ጀመረ። አባቱ የካሚዮን ሾፌር ነበር፤ መጀመሪያ አሰብ፣ በኋላ ጅቡቲ የሚመላለስ። መንገድ ዳር የቆመ ሰው አይቶ ማለፍ አይችልም ነበር አለኝ። በዚህ ምክንያት ከአለቆቹ ጋር ሲጣላ ነው የኖረው። አንድ ጊዜ ምጥ የያዛትን ሴት ጭኖ ሆስፒታል አድርሶ ለሁለት ቀን ዕቃው ዘግይቶበት ደሞዙን ተቆረጠ። ቤት ሲመጣ እናቱ ስትቆጣው ምን እንዳላት፣ ሲስቅ እንዴት እንደሚስቅ፣ ሲጋራ የሚያጨሰው ተደብቆ የት እንደነበር… ሁሉንም ነገረኝ። ቤቴ ደርሰን ቆመናል፣ እሱ አልጨረሰም። ስልኩን አንሥቶ አጠፋውና ቀጠለ። ከአንድ ሰዓት በላይ በር ላይ ተቀምጠናል፤ ዘበኛው ሁለቴ ወጥቶ አይቶናል።

ሒሳብ ልክፈል ስለው አሻፈረኝ አለ። ተሟገትን፣ ተሸነፍኩ። በሩን ከፍቼ ስወርድ ጠራኝ።

«እሑድ የልጄ ልደት ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው። ና።»

«እሺ» አልኩት።

«ትራክት እንዳታመጣ ብቻ!» አለና ሳቀ። የአባቱ ሳቅ መሆን አለበት።

እሑድ አሻንጉሊት ይዤ ሄድኩ።